የነቀዝ ደብተር

እኔ የባርሙ ጸሐፊ ነበርኩ፣ የሚዛኑ ዳር ሰው፣
እርሳሴን ከጆሮዬ ሰክቼ፣ የመጣውን ሁሉ ቁጥር የማለብሰው።
ማራዲ ገበያ፣ በጥቅምት፣ ፀሐዩ አሸዋ ሲጠብስ፣
አህያው፣ ጋሪው፣ የሴቶቹ አናት፣ አደንጓሬ ጭኖ ሲደርስ፣
"ስንት ትሰጠናለህ?" ነበር ሁልጊዜ ቃላቸው፤
ዋጋው ከእኛ አፍ ነበር የሚወጣላቸው።

"ለምን አይቆዩም?" አለ አንድ ቀን፣ ሳላስበው፣ አፌ።
ባርሙ ሳቀና አንዲት ፍሬ አስቀመጠ ከመዳፌ፤
ቀዳዳ ነበረባት፣ በእርሳስ ጫፍ የተወጋች የምትመስል።
"ይህን የበሳው ነው" አለኝ፣ "ለእኔ ያለ ደመወዝ የሚያገለግል።"

እውነቱን ነበር። ነቀዙ ከውስጥ፣ እሱ ከውጭ ሆነው፣
አንዱን ጎተራ ነበር ለሁለት የሚበሉት፣ ተካፍለው።
እኔም በሾለ እርሳሴ፣ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት፣
መዝግቤላቸዋለሁ። አልሰረቅሁም። አንድም ቁጥር አላሳሳትኩበት።

ዴሉ የምትባል ነበረች፣ ከጉዳን ሩማ የምትመጣ፣
አንገቷ ቀጭን፣ ድምጿ ወፍራም፣ ስትከራከር የማትቆጣ።
በየዓመቱ ስድስት ጆንያ ነበር ልማዷ፤
ያን ዓመት አንድ ብቻ ጭናለች አህያዋ።
"ሌላውስ?" አላት ባርሙ።
"አምስቱ እቤት ተኝተዋል" አለች፣
ገንዘቧን ሁለቴ ቆጥራ በጨርቋ ጫፍ ቋጠረች።
"ይተኙ! በታኅሣሥ ዱቄት ሆነው ይነሣሉ።"
እኛም ሳቅን። በሚዛን ዳር ያሉ ሁሉ ይስቃሉ፣
የሚዛኑ ባለቤት ከሳቀ።

ወሬው ኋላ ደረሰን። ኢሱፉ የሚሉት የግብርና ሠራተኛ ነው፣
በሞተር ሳይክል፣ ከወገቡ በታች አቧራ የለበሰው።
ያመጣው ትራክተር አይደለም፤ ከረጢት ነው፣ የላስቲክ፣
ሁለቱ አንዱ ባንዱ ውስጥ፣ ሦስተኛው ጆንያ፣ እንዳይነካ እንዳይነክ።
ሙላ፤ አየሩን ጨፍልቀህ አስወጣ፤ አንገቱን ጠምዝዝ፤ እጠፍ፤ እሰር፤
በቃ። መድኃኒት የለው፣ ምሥጢር።
ነቀዙ የቀረችውን ትንሽ አየር ተንፍሶ ይጨርሳታል፤
ከዚያማ በገዛ ትንፋሹ ይታፈናል።

ዴሉም አላመነችም ይባላል። ሌሊት ሌሊት እየተነሣች፣
ጆሮዋን ከከረጢቱ ጎን ለጥፋ ታዳምጥ ነበረች፤
መጀመሪያ ሳምንት ኮሽ ኮሽ ይላል፣ እንደ ዝናብ ጅማሬ፤
በሁለተኛው ቀጠን አለ፤ በሦስተኛው ዝም አለ አደንጓሬ።

ጥር ላይ ልጇ ታመመ። ታኒሙ፣ የባሏ ወንድም፣ "ሽጪ" አላት፤
ፍየሏን ሸጠች። ቋጠሮውን ግን እጇ አልፈታላት።
መጠበቅ የሀብታም ዕቃ ነው፤ ድሃ ሲጠብቅ ከሥጋው ይቆርሳል፤
ይህን በደብተር የሚጽፍ የለም። ዓምዱስ የት ይገኛል?

አንዱን ደግሞ አይጥ በሳው። ተአምር አይደለም የምነግራችሁ፤
ከአምስት አራት ነው የተረፈው፤ ይመዝገብልኝ፣ እባካችሁ።

ግንቦት ላይ መጣች፤ ገበያው ባዶ ሆኖ፣ ነፋስ ብቻ ሲነግድበት።
አራቱን አወረደች። ፈታች። ባርሙ እጁን ሰደደ፤
እስከ ክርኑ፣ ቀዳዳ ፍለጋ፣ ወደ ታች ወረደ፤
ባዶውን ወጣ።
"ስንት ልስጥሽ?" አለ። ዴሉ ስልኳን አውጥታ አየችው፤
ካኖ ያለች እህቷ የማለዳውን ዋጋ ልካላት ኖሮ፣ ደግማ አነበበችው፤
"አንተ አትንገረኝ፤ እኔ ልንገርህ" ብላ ጠራችው።
ያን ቀን ነው ዋጋ ከእነሱ አፍ ሲወጣ የሰማሁት፤
ከጥቅምቱ እጥፍ በላይ ነበር። ሁለቴ አጥፍቼ ጻፍኩት።

ዘንድሮ ባርሙ ራሱ ከረጢት ይሸጣል፣ በጅምላ፤
ነጋዴ ነው፤ አንዱ በር ሲዘጋ አያጣም ሌላ።
እኔ ግን አሮጌውን ደብተር ገለጥኩ፣ የጥቅምቶቹን ገጽ።
ከየቁጥሩ አጠገብ ነጥብ አለ፣ ትንሽ፣ ክብ፣ ጥቁር፣
እህል ላይ የማውቀው።
መሸ፤ እኔ ገና ስቆጥር።