ማሳያ ቁጥር አርባ አንድ

ሱቆቹ ሳይከፍቱ ቦግና ገባች ቀድማ፣
በረዶ እያራገፈች፣ ከካቶቪትሴ ጨለማ፤
ሌዘር መለኪያ በኪሷ፣ ታብሌት በብብቷ፣
ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ይላል የእጅ ሰዓቷ።

ሥራዋ ቀላል ነው፦ የማስታወቂያ ማሳያዎችን
በካርታ ላይ መትከል፤ ከፍታቸውን፣ ስፋታቸውን፣
ወዴት እንደሚያዩ፣
ከየትኛው ደረጃ ላይ እንደሚታዩ፣
ስንት ርምጃ ላይ ዐይን ይይዛቸዋል፣
የቱ ምሰሶ፣ የቱ የላስቲክ ዘንባባ ይጋርዳቸዋል።

እያንዳንዱ ነጥብ ነው፤ ከነጥቡ ፊት ሦስት ማዕዘን ይዘረጋል፤
እዚያ ውስጥ የረገጠ ሁሉ ተመልካች ይባላል፣
አየም አላየም፤ አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቶም ቢያልፍ ይቆጠራል።
በጋሪ የተኛው ሕፃን ብቻ
አከራክሮ ነበር፤ እሱም ገባ በመጨረሻ።

ቁጥር አርባ አንድ ግን፣ ከጫማ ቤቱ ማዶ፣
ሞቶ ቆሟል፤ ጥቁር፣ ፊቱ ባዶ።
ከኅዳር ወዲህ ጠጋኝ አላየውም።
ቅጹ ይጠይቃል፦ «በርቷል? ጠፍቷል?» ሌላ ምርጫ የለውም፤
«ጠፍቷል» ካሉት ቀሪው ሣጥን ራሱ ይዘጋል፣
ተመልካች፦ ዜሮ፤ ሥራው ያልቃል።

እሷ ግን ጣቷን አንሥታ ቆየች።
ረፋድ ላይ አንዲት ልጅ መጣች፣ ከንፈሯን ቀባች፤
ጥበቃው ዜኖን ክራቫቱን አቃና፣ ሆዱን ሳበ፤
አንድ ተማሪ በጥርሱ መሀል የቀረ ቅጠል አነበበ፤
ሌላው «ሰላም» ማለትን ተለማመደ፣
አንዴ በፈገግታ፣ አንዴ በኩራት፣ ኋላም ተወውና ወረደ።
በሩብ ሰዓት ሃያ ሦስት ሰው ቆመበት።
ከሚበራው ከአርባ ፊት አንድ፤ እሱም መነጽሩን ሊወለውልበት።

ከዚያ አሎይዚ መጣ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣
ደረቱ እንደ አሮጌ በር እየጮኸ፣ ካፖርቱ ወዝቶ ደንዝዞ።
ከጥቁሩ መስታወት ፊት ቆመ፣ ዝም አለ፤
ፊቱ ከሰል ለብሶ ከውስጥ ብቅ አለ።
«ሐሙስ ሐሙስ እመጣለሁ» አላት ሳይጠየቅ፤
«ከዚህ ጫማ ቤት ሥር፣ ስድስት መቶ ሜትር ዝቅ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ቆፈርኩ። ከፈረቃ ስወጣ፣ ውሃ ሳይነካኝ፣
ይህን ነበር የምመስለው፤ ሚስቴ በጥርሴ ነበር የምትለየኝ።»
ጥርሱን አሳያት። አራት ቀርተዋል።
«አደራሽን እንዳያሠሩት። እንዲህ ይሻላል።»

እሷ ለኪ ናት፤ አታሠራ፣ አታስቆም።
ቀዩ የሌዘር ነጥብ ካፖርቱ ቁልፍ ላይ ዐርፎ ነበር፤ አላወቀም።
ገለጥ አለላት፤ ለካች፦ ቁመቱን፣ ስፋቱን፣ ከወለሉ ያለውን ርቀት፤
«ጠፍቷል» አለች። ሣጥኑ ተዘጋባት።

ከታች «አስተያየት» የሚል ጠባብ መስመር አለ፣ ማንም የማያነበው።
«ይሠራል» ብላ ጻፈች፤ አጠፋችው፤
መልሳ ጻፈችው።
ታብሌቱ ቀይ ምልክት አወጣ፤ መልሱ ይጋጫል አላት።
ሻርፗን አስተካከለች፣ በጥቁሩ ፊት፣
ሃያ አምስት።

አርባ ሁለት መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ነው፤ የድመት ምግብ ያሳያል፤
በጣም ደምቆ ይበራል።