ቆርኪ

ዊኒፔግ። ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ውጪው ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ።
በሩ ለሁለት ሲከፈት ብርዱ ቀድሞ ይገባል፣
ከብርዱ ኋላ ሰው ይመጣል፤
አንዱ በእግሩ፣ አንዱ በቃሬዛ ተንጋሎ፣
አንዱ በጓደኛው ትከሻ እንደ እርጥብ ካፖርት ተንጠልጥሎ።

የእኔ ሥራ መስፋት አይደለም፤ አጥንት አላቃናም፣
ደም ስር ፈልጌ መርፌ አልወጋም።
ሰሌዳ ታቅፌ ከአልጋ አልጋ እዞራለሁ፣
አንድ ጥያቄ ተሰጥቶኛል፣ እሱኑ እጠይቃለሁ፦
«ከመጎዳትዎ በፊት በነበሩት ስድስት ሰዓታት
መጠጥ ቀምሰዋል? ከቀመሱስ፣ ስንት?»

«ሁለት» ይላል ቅንድቡ እንደ ዚፕ የተከፈተው።
«ሁለት» ይላል ቆሞ የኖረ ምሰሶ መጥቶ የገጨው።
የሠርግ ሚዜው ጥርሱን በናፕኪን ጠቅልሎ ይዟል፤
«ሁለት» ሊል አፉን ሲከፍት ፊደሉ በክፍተቱ ያመልጠዋል።
አንድ ጫማውን መንገድ ላይ የጣለው ተማሪ
በእናቱ ስም ይምላል፣ ሁለት ቢራ።
የእግሩ ጣቶች ነጭ ሰም መስለዋል፤
ሰም እንኳ ሲሞቅ ይቀልጣል።
ለመሆኑ በዚህ ከተማ ሦስት የሚባል ቁጥር የለም?
ሦስተኛዋን ብርጭቆ ማን ጠጣት? ማንም።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይሉን ነበር ትልልቆቹ፤
እዚህ ግን ብቅል ያባውን ነው መርፌ የሚያወጣው።
ከላቦራቶሪ ወረቀት ይመጣል፤
አፋቸው ያለውን በግራ፣ ደማቸው ያለውን በቀኝ እጽፋለሁ።
አልፈርድም። ደመወዜ ለመፍረድ አይበቃም።

አልጋ አሥራ አንድ፣ ቫለሪ።
ጣቷ አብጦ ቀለበቱን ሊውጠው ሲል
ነርሷ በትንሽ መጋዝ ቆርጣ
ሽንት መመርመሪያ ዕቃ ውስጥ አኖረችላት።
«ምንም» አለችኝ። «ዜሮ።»
ግድግዳውን ስታይ ቆየች።
«የጠጣው እኔ አይደለሁም።»
ቅጹን ገለጥኩ፤ ገለበጥኩ፤ ጀርባውን አየሁ።
«እሱስ?» የሚል ሳጥን የለውም።
ዜሮ ጻፍኩላት፤
ክብ፣ ዙሪያዋ ያልተቆረጠ፣ ጣት የማታውቅ ቀለበት።
ከዚያ ብዕሬን ጆሮዬ ላይ ሰካሁና
ማኅበራዊ ሠራተኛዋን ጠራሁ።
ይህ ከሥራ ዝርዝሬ ውጪ ነው። ይሁን።

ሊነጋጋ ሲል ኦሬስት ዳኒሉክን አመጡት፣ የሰባ አንድ ዓመት ሰው።
የሆኪ ሜዳ በረዶ በመኪና ሲያለሰልስ ነው ያረጀው፤
የጣለው ደግሞ የገዛ ደጁ፣ ያልጠረገው በረዶ ነው።
ዳሌው ተሰብሯል።
«ስንት?» አልኩት። ዓይኑ ወደ ካፖርቱ ሄደ፤
እጁን ሰዶ አንድ እፍኝ ቆርኪ ትሪው ላይ ዘረገፈ።
«ቁጠር።»
አሥራ አራት።
«ስድስት ሲሞሉ ቤቴ ልሄድ ነው የምሰበስባቸው፤
ችግሩ፣ ለመቁጠር እጅ ያስፈልጋል፣
እጄ ደግሞ ጠርሙስ ይዟል።»
ሲስቅ ዳሌውን አመመው፤ ሲያመው ሳቀ።
በዚያ ሌሊት ግራና ቀኙ የገጠመ መስመር ያው አንድ ነው።

ወደ ቀዶ ጥገና ወሰዱት። ቅጹን ላክሁት።
ማሪቴስ ወለሉን ልትወለውል አልጋውን ስትገፋው
አንድ ቆርኪ ከጎማው ስር ወጣ።
«ያንተ ነው?» አለችኝ።
አሥራ አምስተኛው ይሁን?
ወይስ ከሽማግሌው በፊት እዚያው አልጋ ላይ የተኛው፣
በእናቱ የማለልኝ ልጅ የጣለው?
የተላከ ቅጽ አይመለስም።
«አዎ» አልኳት።

አውቶቡሱ የፖርቴጅን በረዶ እየሰበረ ይጓዛል፤
ፍሬን በያዘ ቁጥር ቆርኪው በኪሴ በኩል ጭኔን ይነክሰኛል።
ሃያ አንድ ጥርስ አለው።
ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ።