ተቆርጦ የቀረው

የጊዲ ጠረጴዛ መስታወት ነው ልብሱ፣
ሌሊት ስወለውል ይታየኛል ጢሱ፤
ማዶ፣ ሐይፋ ማጣሪያ፣ ነበልባሉ ቆሟል፣
እንቅልፍ እንዳጣ ዘብ አፉን ከፍቶ ያድራል።

ዛሬ አዲስ ሪፖርት፣ ሽፋኑ አረንጓዴ፣
«ኃላፊነታችን» ይላል፤ ገለጥሁት አንዴ፤
አንድ ልጅ ይስቃል፣ ችግኝ ታቅፎ፣
ኦፊር ነው፣ የኔው ልጅ፣ ከአካሉ ገዝፎ።

ቀኝ እጁ ችግኝ ነው። ግራ እጁ ተቆርጧል፤
የአስም መድኃኒቱ ከፎቶው ውጭ ቀርቷል።
ሲያነሱትም ማንም አልጠየቀኝ።

ዕብራይስጡን እንደ ነገሩ፣ ቁጥሩን አነባለሁ፤
ጢሱ በአምስት እጅ ቀንሷል ይላል። እሺ፣ አምኛለሁ።
ኦፊር ግን ዘንድሮም፣ ቂርያት ሐይም፣
ትራስ ተደግፎ፣ ተቀምጦ ነው የሚያድረው፤
ያሰጣሁት አንሶላም
ማታ ስሰበስበው ጥላሸት አዝሎ ነው የሚገባው።

ደሞዜም ከዚሁ ጢስ ነው፤ ይሄን አልክድም።

ግን ዛሬ
ጨርቄን አላጠብሁም።
ሪፖርቱን እንደ ተገለጠ ትቼ፣
ጨርቁን ለአራት አጥፌ፣ ጥቁሩን ወደ ላይ፣
አኖርሁት ከገጹ ዳር፣
የልጄ ክንድ ካበቃበት።