ጥያቄ ቁጥር ዐሥራ ዘጠኝ

ፈተናው ከሩቅ መጣ፣ በሁለት ፖስታ ታሽጎ፣
የሰባት አገር ማኅተም ከግራ ቀኙ አድርጎ፤
"የምሥራቁ ብሩህ ልጆች" ይላል ከላይ በደማቁ፣
ከሥሩ ግን በደቃቁ፦
"ከየዞኑ አንድ ብቻ፤ የቀሩትን አመስግናችሁ ልቀቁ።"

ሰኔ ነበር፤ ጅማን ዝናብ አንዴ ከያዛት አይለቅም፣
ቆርቆሮ ሥር የሰው ድምፅ ከአፍ አልፎ አይዘልቅም፤
እጄን አንሥቼ ነው "ጀምሩ" ያልኩት።
አርባ ሁለት ልጆች፣ ከሰቃ፣ ከዴዶ፣ ከአጋሮ የመጡ፣
ጫማቸውን በር ላይ አራግፈው በካልሲ የተቀመጡ።

መካከላቸው ሙንተሃ፣
የአባዝናብ ልጅ፣ የሂርማታው በርጩማ ጠራቢ፤
ሦስት እግር ለምን እንደማይናጋ፣ አራቱ ለምን እንደሚናጋ
አባቷ በእጁ የሚያውቀውን
በጠመኔ የጻፈችው፣ ከመጋዙ በላይ፣ ግድግዳው ጋ።

ዐሥራ ዘጠነኛው ስለ ጀልባ ነው።
ከወደብ ትነሣለች፣ ሰፊ ሐይቅ ትሻገራለች፤
መቼ ትደርሳለች? ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ።
ሁሉም አንዱን ፊደል ከበበ። የሷ ወረቀት ላይ ክብ የለም፤
ኅዳጉ ላይ፦ "በዚህ ፍጥነት ጀልባዋ ሳትነሣ ደርሳለች።
ጥያቄው ይታረም።"

የመልሱ ወረቀት "ሐ" ይላል።
ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው
በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ጻፍኩ።
ማታ በሻማ ደግሜ ሠራሁት፣ መብራት ጠፍቶ፤
ልጅቷ ልክ ናት። ፖስታው ግን ሄዷል፣ በከሰዓቱ መኪና፣ አፉ ተዘግቶ።

በአንድ ነጥብ ቀረች። ያለፈው ኬይረዲን ነው፤
ጎበዝ ነው፣ ልጁን አልከሰውም፤
መናኸሪያ ስሸኘው፣ ሻንጣውን ታቅፎ፦
"ጋሼ፣ ሐን የከበብኩት ሌሎቹ ስለባሱ ነው፤
እኔም አላመንኩትም።"

ለኮሚቴው ጻፍኩ። መልሱ አንድ መስመር፦
"ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን፤ ቅጹ ላይ ለዚህ ቦታ የለም።"

መስከረም ላይ፣ ሳላስበው፣ ደብዳቤ ከኪሱሙ፤
የማላውቀው መምህር፣ ኦቲየኖ ነው ስሙ፦
"ቅሬታህን አሳዩኝ። እኔም ጋ አንድ ልጅ አለ፣
'ጀልባዋ ተሳስታለች' ብሎ ቦታውን ባዶ የጣለ።"
ከሐርጌሳ ሁለት። ከጉሉ አንዲት፣ ጀልባዋን በእርሳስ ሥላ፣
ወደ ኋላ የምትቀዝፍ፣ ሞገዱን እንደ ሕፃን አዝላ።

ወንፊት ደቃቁን ያሳልፋል።
እኛ ወንፊቱ ላይ የቀረውን ቆጠርን።

አሁን ሙንተሃ በየሳምንቱ ስልኬን ትዋሳለች፣
በተሰባበረ እንግሊዝኛ ከጉሏ ልጅ ጋር ትከራከራለች።
ሐይቅ አይታ አታውቅም፤ የምታውቀው ውኃ አዌቱ ነው፣
ያውም ክረምት ላይ፣ ድልድዩን ሲያስጨንቀው።

ትናንት መጣች፣ ሻርፗ ላይ ሰጋቱራ፦
"ጋሼ፣ ጀልባዋን አስተካከልናት።"
"እንግዲያ መቼ ትደርሳለች?" አልኳት።
"እሱማ ስንት ሰው እንደጫነች ነው፤
ጥያቄው ይህን አልነገረንም።"