ጋኑ ላይ የተጻፈ

ከታይዋን ገበያ፣ ከኢልያስ መደብር፣
ወንድሜ ቀይ መኪና ገዛ፣ በሪሞት የምትበር፤
ግማሹን በእጁ ከፍሎ፣ ግማሹን በብድር።
ባትሪዋን ለብቻው በሻሽ ጠቅልሎ፣
እንደ አራስ ልጅ ታቅፎት ገባ፣ «ቀስ በይ ሂንድ» ብሎ።
ለስላሳ ነው ገላው፣ አጥንት አልሠሩለት፣
የብረት ልብስ የለው፤ ሊፖ ነው ያሉት።

እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ፤ ስንት ያበጠ ሆድ
ከስክሪን ሥር አውጥቻለሁ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ እጄ ሲርድ።
ስለዚህ ተናገርኩ፦
«ስማኝ ሙአዝ፣ ይሄ ተጣጥፎ የተኛ ቁጣ ነው፤
በስስ ላስቲክ እንጂ በሰንሰለት ማንም ያላሰረው።
ሁለት ሴል አለው፤ ሁለቱም ከአራት ነጥብ ሁለት አይለፉ፣
ከሦስት ቮልት በታችም ወርደው አይንጠፍጠፉ።
ነጩን ትንሽ ሶኬት ሳትሰካ መሙላት አትልመድ፣
አንዱ ሴል ተርቦ ሲያድር አንዱ ጠግቦ እንዳይነድ።
ከሜዳ ስትመለስ ትኩስ እንዳለ አትሰካው።
ድሬ ላይ ‹ይብረድ› ማለት ሌሊቱን መጠበቅ ቢሆንም፣
ትጠብቃለህ፤ በመጠበቅ የሞተ የለም።
እና ስትሞላው፣
አትተኛ።»

ሳቀብኝ። «አንቺ እንቁላል ለመቀቀልም መመሪያ ታወጫለሽ!»
ግን ሰምቷል።
ከደቻቱ፣ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ከሚፈስበት ወንዝ፣
በጆንያ ተሸክሞ መጣ፣ ትከሻው እስኪደነዝዝ።
ከአዴ ሲቲና ደግሞ አፉ የተሸረፈ ጋን ለመነ፤
ታቹን አሸዋ አለበሰው፤ የባትሪው ቤት ሆነ።

ዓርብ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት፣ ፀሐይዋ ስትለዝብ፣
የከዚራ፣ የገንደ ቆሬ ልጅ በወንዙ ሆድ ሲሰበሰብ፣
ቀይዋ የናርዶስን አረንጓዴ ቀድማ፣ አቧራ ጠቅልላ፣
ፍየል አስደንብራ፣ ከድንጋይ ላይ ዘላ፣
በጎኗ ወደቀች። ተነሣች። ገሠገሠች።
አንድ ዙር ሲቀራት ጢጥ ጢጥ ብላ ጮኸች፤
ቮልቷ ወርዷል ማለት ነው።
«ጨርስ እንጂ!» አሉት፤ «አንድ ዙር እኮ ናት!»
ሙአዝ አቆማት።
ናርዶስ አሸነፈች። እሱ መኪናውን ብብቱ ሥር አድርጎ፣
«በየሳምንቱ ባትሪ ይገዛል እንዴ?» አለኝ፣ ላቡን በክንዱ ጠርጎ።

ማታ ሳየው የባትሪው ጥግ ተሰርጉዷል፣
የጥፍር ያህል።
አየሁት። «ምንም አይል» አልኩ።
መብራት ጠፍቶ አምሽቶ ሌሊት ስምንት ሰዓት መጣ።
«አንተ ተኛ፣ እኔ እጠብቀዋለሁ» አልኩ።
ባትሪውን አሸዋው ላይ አጋድሜ ቻርጀሩን ለቀቅኩ።
ቬንትሌተሩም አብሮ ተነሣ፤ ስንት ቀን የናፈቅኩት ነፋስ
ግንባሬን ሲዳብስ፣
ያን ሁሉ ያስተማርኩት ሴት
ተኛሁ።

እባብ ሲቆጣ እንደሚለው ነው፤ ፍሽሽሽ።
ከዚያ ነጭ ጢስ፣ ጣፋጭ፣ ጉሮሮ የሚቆርጥ፤
ከዚያ ከጋኑ አፍ ብርቱካናማ ምላስ፣ ወደ ላይ ሲፈረጥጥ።
ገመዱን ከግድግዳ የነቀለው እሱ ነው፤
የተረፈውን አሸዋ ከጆንያው የገለበጠው እሱ ነው፤
እኔን በእጅጌዬ ጎትቶ ወደ ግቢ ያወጣኝ፣
«ጢሱን አትሳቢው!» ብሎ የጮኸብኝ።

ጎህ ሲቀድ ገባን። ጋኑ ከላይ እስከ ታች
በአንድ መስመር ተሰንጥቋል፤ አሸዋው ጠቁሮ ተጋግሯል።
ወለሉ ደህና ነው። መጋረጃው ደህና ነው።
ይሰድበኛል ስል፣ ይስቅብኛል ስል፣
ጥቀርሻውን እየጠረገ፣
«ከሰኞ ወዲህ መቼ ነው የተኛሽው?» ብቻ አለኝ።

አሁን ሌላ ባትሪ አለ። አዴ ሲቲና ሌላ ጋን ሰጡን፤
ስለ ፊተኛው አልጠየቁም፤ ጢሱን አሽትተው ይሆን?
ሥራ በማይኖረው ሳምንት ሦስት ነጥብ ስምንት ላይ ያሳርፈዋል፣
ሳይጠግብ፣ ሳይራብ።
ትናንት ከሱቅ ስገባ ጋኑ ጥጉ ላይ ተቀምጧል፤
በጠመኔ፣ በጉልህ፣
የገዛ ቃሌ ተጽፎበታል፣
አንድ ፊደል ብቻ ተቀይሮ፦
አትተኚ።