ጧ እስኪል

ቆራሌው ሲጣራ ሰፈሩ ይሸጣል፤
እኔ ግን ገዢ ነኝ፣ እሱም ይገረማል።
«እትዬ፣ ባዶ ጠርሙስ ምን ይሠራል?» ይላል፣
ጆንያውን ዘርግፎ ደጄ ይቀመጣል።

ከዛገ ቆርቆሮ፣ ከተሰበረ ወንበር፣
ከሬዲዮ ሆድ ዕቃ፣ ከጫማ ገበር፣
አንገቱ ሰፊ፣ ወፍራም ብልቃጥ አየሁ፤
በጥፍሬ መታ አርጌ ድምፁን አዳመጥሁ።
ጥርት ብሎ ጮኸ። ስንጥቅ የለበትም።
«ስንት?» ብለው ዋጋ አላወቀለትም።
ሀያ ብር ሰጠሁት፤
ክዳኑን ለብቻ ከጆንያው ግርጌ አገኘሁት።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ከወንጂ ናቸው፣
እናቴ ልብስ የምታጥብላቸው
ሆላንዶች ሲሄዱ ሻንጣው ጠብቧቸው
ሴትዮዋ «ውሰጂ» ብላ የተወቻቸው።
አፋቸው ባለ ሽቦ፣ ሆዳቸው አረንጓዴ፣
መቀመጫቸው ላይ ቁጥር፤ ታርጋ መስሎኝ አንዴ።

ላስቲካቸው ደርቆ እንደ ቋንጣ ተሰበረ።
ገመቹ፣ ባለቤቴ፣ መቀሱን ስሎ መጣ፤
ከባጃጁ ከመነዳሪ ስድስት ቀለበት አወጣ።
«ከሠርጋችን ወዲህ» አልሁት፣ «ይሄ ሁለተኛው ነው»።
«የፊተኛውንማ» አለ፣ «ለባጃጁ ሸጥነው»።

የዚያን ዓመት ቲማቲም ጎማ ጎማ አለ።
ሲፈን አንዴ ጎርሳ፣ «እማ፣ ወጡ'ኮ» አለች፣
«'ወንጂ ማዞሪያ! አንድ ሰው!' አለ»።

ጥር ላይ ከአዋሽ ዳር ምርቱ ሲጥለቀለቅ፣
ገበሬው በሳጥን አምጥቶ ሲጨነቅ፣
ኪሎው ከክብሪት ረክሶ መንገድ ዳር ሲደፋ፣
ያኔ ነው የኔ ምድጃ እሳቱ የሚፋፋ።
ጨርቅ አነጥፋለሁ ድስቱ ሥር፣ ብርጭቆው ከብረት እንዳይጋጭ፤
እንፋሎቱ ከውስጥ ይለበልበኛል፣ የአዳማ ነፋስ ከውጭ።

አምና ከወንጂዎቹ አንዱ ፈነዳ፤ ውሃው ቀላ።
ለጠርሙስ ያለቀሰ ማን አለ? እኔ ግን ዋልሁ፣ እህል ሳልበላ።
ስባሪውን ለቆራሌው አልሰጠሁም፤
አጥሩ ሥር ቀበርሁት። ለማንም አልነገርሁም።

ማታ ከድስቱ አውጥቼ ፎጣ ላይ አሰልፋቸዋለሁ፤
መብራት አጥፍቼ ከአልጋዬ ሆኜ አዳምጣቸዋለሁ።
ባለ ሽቦዎቹ ዝም ይላሉ፣ ዓመላቸው ነው።
ባለ ክዳኖቹ ግን ሲበርዱ፣ መሐሉ ወደ ውስጥ ሰምጦ፣
ጧ!
አንድ።
ጧ! ሁለት።
ልጆቹ ጎረምሶች ሳሉ የቆርቆሮውን በር
እንዲህ ነበር የምቆጥር፦
ሲፈን ገባች።
ሮባ…
ሮባ ሁልጊዜ ያመሻል። አሁንም ከባድ መኪና ይዞ
ጅቡቲ ይመላለሳል፣ ከመንገዱ ጋር ተጋብቶ፣ ተጓዡ።

ትናንት አሥራ ሁለት ነበሩ። አሥራ አንድ ቆጠርሁ።
እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ።
ገመቹ በእንቅልፍ ልቡ፣ «ተኚ፣ ይመጣል» አለኝ፤
ስለ ብልቃጡ ይሁን ስለ ልጁ፣ አልገባኝ።

ነጋ። ያልዘጋ ብልቃጥ መደርደሪያ አያይም፣
የዛሬ ነው እሱ፤ ለሰኔ አይቆይም።
ያ የሀያ ብሩ ነው፤ ክዳኑ ጎበጥ ብሎ።
ሽንኩርት ከተፍሁ፣ ቃሪያ ጣልሁ፣ አፈሰስሁት ከነቅሉ።

ቆራሌው ሲያልፍ ጠራሁት፣ በዳቦ አጎረስሁት።
«እትዬ፣ ይጣፍጣል!» አለ።
«ያንተው ባዶ ጠርሙስ ነው» አልሁት።