የሲሚንቶ ንስሐ

ሠላሳ አንድ ዓመት ድንጋይ ፈጭቻለሁ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት እቶን አንድጃለሁ።
ሽበቴን አትመኑ፣ ግማሹ ዱቄት ነው፣
ከፋብሪካው ወፍጮ ቅንድቤ ላይ የቀረው።

ሳቢያን ቤት ስሠራ፣ በሠራተኛ ዋጋ
ያስጫንኩት ጆንያ ቁጥሩን አላውቀውም፤
ግቢውን ደፈንኩት፣ ከበር እስከ ጓሮ፣
አፈር የሚባል ዘር ጣት ታህል አልተውኩም።
ጥግ ላይ የነበረች አንዲት ኒም ቆረጥኩኝ፣
«ቅጠል ታራግፋለች» ብዬ ፈረድኩባት።
«ጭቃ የማያውቅ ቤት!» ሲሉ ጎረቤቶች
ደረቴን ነፋሁት።

ከዚያ ግንቦት መጣ።
ድሬን የሚያውቅ ሰው ግንቦቷን ያውቃታል።
ቀን የዋጠውን ፀሐይ ግቢው ሌሊት ተፋ፣
ቆርቆሮው ሲንጣጣ እንቅልፋችን ጠፋ።
ዘርትሁን ፍራሿን በረንዳ ላይ ጥላ፣
ቬንትሌተሩን አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ እሷ እያዞረች፣
«እቶኑን ከሥራ ቤት ድረስ ታመጣዋለህ?» አለች።
አልመለስኩላትም።
ነገሩ እውነት ነበር፤
እውነትን ደግሞ በዚያ ሙቀት፣ ከሚስቱ አፍ፣
ማን ይወዳል?

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር
ከሂርሲ መዶሻና ድጅኖ ተዋስኩ።
የመጀመሪያው ምት እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ፤
«ማነው እንዲህ አጥብቆ የሠራው?» ብዬ
ራሴን ተሳደብኩ።
ስድስት ሳምንት ፈጀ።
ከሥሩ የወጣው አፈር ነጭ ነበር፣ ዝም ያለ፣
ከጨለማ ክፍል እንደወጣ እስረኛ ዓይኑን ያጨናበሰ።

ኖራ በጥብጬ ቆርቆሮውን ቀባሁ፣
ያው የዱሮ ድንጋዬ፣ በሌላ ጠባይ።
አሸንዳ ገጠምኩ፣ ከአሸንዳው ሥር ሮቶ፤
የዕቃ ማጠቢያው ውኃ ወደ ፓፓያው በቱቦ፤
ዘይቱን አንድ እግር።
ኒም ደግሞ፣ ይቅርታ ጠይቄ፣
እዚያው የቆረጥኳት ቦታ።

ሐምሌ ዘነበ።
የቧንቧችን ውኃ ማንቆርቆሪያ የሚያለብስ፣
ሳሙናን የሚያሳብድ ነው፤
የሰማዩን ግን ዘርትሁን በሳፋ ቀድታ
አንዴ ስታሸው፣ አረፋው እስከ ክርኗ!
የተረፈውን አፈሩ ጠጣ፣ ደግሞ ጠጣ፣
በበሬ በኩል ወደ ደቻቱ የሮጠ ጠብታ የለም።

በማግስቱ ወይዘሮ ፈትያ አንኳኳች፣
ከታች ያለችው ጎረቤቴ፣
አሥራ ሁለት ክረምት «ጎርፍህ በሬን በላው» እያለች የረገመችኝ።
ለምርቃት አጎንብሼ ከፈትኩላት።
«ውኃዬን የት አደረስከው?» አለችኝ።
ለካ ከግንቡ ወዲያ በርሜል ቀብራ
ጎርፌን እየጠለፈች
ሎሚዎቿን ታጠጣ ኖሯል፤
እርግማኑ ደረሰኝ ነበር።

ግንቡን ሰርስሬ የሮቶውን ትርፍ ሰደድኩላት።
አሁን «ቱቦህ ቀጠነ» ብላ ትረግመኛለች፤
ሎሚውንም በሻሽ ቋጥራ ትልካለች።

አልዋሽም፣ ግንቦት አሁንም ግንቦት ነው።
ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ያርፋል።
የፋብሪካው ጭስ ማለዳ ይታየኛል፤
ጡረታዬ ከዚያ ጭስ ነው የሚመጣው፣
ምን አፍ አለኝ?
አሥራ ሁለት በዘጠኝ ሜትር ነው ያፈረስኩት፣
የሠራሁትን ግን ማን ለክቶት?

ኒሟ ጉልበቴ ደርሳለች።
ጥላዋ ገና ለአንድ እግር ነው የሚበቃው፤
ዘርትሁን ቀትር ላይ ወንበሯን ታስጠጋና
የግራውን ታስገባለች፣
የሚያማትን።